ማስታወቂያው ሳይናገር የሚያስተምረውን ከልጆቻችን ጋር ስለመመርመር

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን ይመረምራሉ። የሥራው ግማሽ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ ከእናንተ ጋር ነው። ስለዚህ በማስታወቂያዎቹ ውስጥ ምን ዓይነት ድብቅ መልእክት እንደምትፈልጉና እንዴት እንደምታገኙት በዚህ ደብዳቤ ልናስረዳችሁ ወደናል።

«ድብቅ መልእክት» ሲባል ብዙ ሰው በምስሎች መካከል ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጽሑፍ ይመስለዋል። ይህ ወሬ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ ተመራማሪ፣ ፊልም እየታየ ዓይን በማይዘው ፍጥነት «ፈንዲሻ ብሉ» የሚል ጽሑፍ በማሳየት ሽያጭ አሳድጌአለሁ ካለ በኋላ ነው። በ1962 ግን በቂ መረጃ እንዳልነበረው ራሱ አመነ። ልጆቻችሁ ብልጭታ ፍለጋ ጊዜያቸውን እንዳያባክኑ አደራ። የተደበቀው ነገር ያለው ፊት ለፊት በሚታየው ውስጥ ነው፤ የሚያመልጠንም ስለለመድነው ነው።

ለማግኘት የሚረዳው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ማስታወቂያ ትርጉም እንዲሰጠኝ አስቀድሜ ምን ማመን አለብኝ?»

30 ሰከንድ የሚፈጅ የተለመደ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ እንውሰድ። ልጅ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይገባል። ካሜራው ወዲያው ወደ እናትየው ፊት ይዞራል፤ ፊቷ ይጨማደዳል። አባት ከኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ወደ እሱ አይዞርም። ጎረቤት ብቅ ብላ ሸሚዙን አየት ስታደርግ እናት ታፍራለች። እዚህ ላይ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ ስለ ሳሙናው ማብራራት ይጀምራል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውም ይታያል። በመጨረሻ ልብሱ ያብረቀርቃል፣ እናት ትስቃለች፣ ጎረቤት ትቀናለች። የተነገረው ሳሙናው እድፍ ያስለቅቃል የሚል ብቻ ነው። ሳይነገር የተላለፈው ግን ብዙ ነው፦ የልጅ ልብስ መቆሸሽ የእናት ነውር ነው፤ ማጠብ የሴት፣ ማወቅ የወንድ ነው፤ አባትን የሚጠይቀው የለም፤ የቤት ንጽሕና ዳኛዋ ጎረቤት ናት። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ተራኪው በድምፁ ቢላቸው ተመልካች ይከራከር ነበር። በምስል ስለመጡ ግን የሚከራከራቸው የለም። ጉልበታቸውም ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ማስታወቂያ በስልክ ቅረጹና አራት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ እንደወትሮው፤ ልጁ የተሰማውን በአንድ ቃል ይጻፍ። ሁለተኛ ድምፁን አጥፍታችሁ፤ ማን ምን ይሠራል፣ ማን ቆሟል፣ ማን ተቀምጧል፣ ዕቃውን በእጁ የሚይዘው ማን ነው? ሦስተኛ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ፤ የሚያስረዳው ማን ነው፣ ሙዚቃው የሚቀየረውስ የት ላይ ነው? አራተኛ እያቆማችሁ፤ ምስሉ ስንት ጊዜ እንደሚቀያየር ቁጠሩ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ምስሉ 15 ጊዜ ከተቀያየረ እያንዳንዱ በአማካይ 2 ሰከንድ ያህል ብቻ ይቆያል፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሰው ለማሰብ ሳይሆን ለመለየት ብቻ ይደርሳል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ወደ ፍረጃ የሚሄዱትም በአብዛኛው ለዚህ ነው። መነጽር ያደረገ ልጅ ጎበዝ፣ ወፍራም ሰው ሰነፍ፣ አረጋዊ ቴክኖሎጂ የማይገባው ሆኖ ሲቀርብ ተመልካቹ ያለማብራሪያ ይረዳል። ጊዜው ይቆጠባል፣ ዋጋውን ግን የተፈረጀው ሰው ይከፍላል።

አራቱ ዙር ሲያልቅ ቦታ አለዋውጡ። እናትን በአባት፣ ወጣቱን በአዛውንት ተክታችሁ ታሪኩን መልሳችሁ ተናገሩ። ልጆቹ ከሳቁ «ምኑ ነው ያሳቀን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አናውቅም።

ቃላቱንም አትለፏቸው። «እስከ 99 በመቶ» ሲባል 40 በመቶም በዚያ ውስጥ አለ። «የበለጠ ንጹሕ» ሲባል ከምን? «ሊረዳ ይችላል» ላይረዳም ይችላል ማለት ነው። ከግርጌ በደቃቁ የሚያልፈውን ጽሑፍ አቁማችሁ አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ የላዩን ተስፋ የሚያጠበው እሱ ነው። የሚታየውም ሁልጊዜ እውነተኛው ነገር አይደለም። አንድ የመላጫ ክሬም ሻካራ የብርጭቆ ወረቀትን አለስልሶ ሲላጭ ያሳየ አንድ ማስታወቂያ የተቀረጸው አሸዋ በተነሰነሰበት ፕላስቲክ ላይ ነበር፤ ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳሳች ተብሏል።

ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። ዋናው ወላጅ መልሱን አስቀድሞ ሲናገር ነው፤ ልጁ ያኔ መመልከቱን ትቶ እናንተን ማስደሰት ይጀምራል። ጠይቁና ጠብቁ። ሁለተኛው ከአንድ ማስታወቂያ ተነስቶ መፍረድ ነው። ሴት ሳህን ስታጥብ መታየቷ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በአሥር ማስታወቂያ የምታጥበው ሁልጊዜ ሴት ከሆነች ግን ፍረጃ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ የሚሠራው ደንብም ጉዳት የሚያደርስ የፆታ ፍረጃን እንጂ ሴት ስታጸዳ ማሳየትን አይከለክልም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ከታገዱት ሁለት ማስታወቂያዎች አንዱ የመኪና አምራቹ የቮልስዋገን ነበር፤ ወንዶቹ ጠፈር ላይ፣ ሴቲቱ ከሕፃን ጋሪ አጠገብ። ሌላው የፊላደልፊያ አይብ ሲሆን አባቶች ምግብ ሲያዩ ሕፃናቱን ረስተው አሳይቷል። ፍረጃ ወንዶችንም እንደሚነካ ለልጆቹ በዚህ አስረዷቸው። ሦስተኛው አደጋ ልጁ «ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መመርመር አቁሟል። ማስታወቂያው በትክክል የነገረውን መረጃም ይመዝግብ።

በቆዳ ቀለም ላይ የሚመጣው መልእክት በተለይ ያሳስበናል። «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለው ክሬም ለአሥርት ዓመታት ባስነገራቸው ማስታወቂያዎች ጠቆር ያለች ልጅ ቆዳዋ ሲቀላ ሥራም ባልም ስታገኝ ይታይ ነበር። አምራቹ ስሙን «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ብሎ የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ልጃችሁ ስለ መልኩ ሲያጉረመርም ከሰማችሁ፣ የሚያየውን ማስታወቂያ አብራችሁ ተመልከቱ።

ታናናሾች አብረው ካሉ አትግፏቸው። ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባብዛኛው ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው እንደመጣ አይረዱም፤ ስዊድን ከ12 ዓመት፣ የካናዳዋ ኩቤክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያነጣጠረ ማስታወቂያን የከለከሉትም ዕድሜ ለውጥ ስለሚያመጣ ነው። ለእነሱ «ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ ሊሸጥልን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበቃል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ተያይዟል፦ የታየው፣ የተነገረው፣ ሳይነገር የታመነው። ልጃችሁ 10 ማስታወቂያ ይሙላበት፤ በቀን ከሁለት በላይ አታሠሩት፣ ዓይኑ ይደክማልና። እናንተና ልጃችሁ በሦስተኛው ዓምድ ካልተስማማችሁ ሁለቱንም ሐሳብ ጻፉ፤ በክፍል የምንወያየው በዚያ ላይ ነው። ወረቀቱ በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ለክፍል ኃላፊ መምህር ይመለስ። ቤታችሁ ቴሌቪዥን ከሌለ ለመምህሩ ንገሩ፤ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንዲያዩ እናመቻቻለን።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር