ርብቃ በውኃው ጕድጓድ አጠገብ፦ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት

የተወደዳችሁ አባላት፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ቁጥር 11 ላይ ልጅ እንኳ ንጹሕና ቅን መሆኑ በሥራው እንደሚታወቅ ተጽፏልና፣ በሚቀጥለው ጉባኤ በዚህ ቃል ላይ ከመወያየታችን በፊት ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን አንብባችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ በሄደ ጊዜ ርብቃን የለመናት ጥቂት ውኃ ብቻ ነበር። እርሷ ግን እርሱን ካጠጣች በኋላ፣ ማንም ሳያዝዛት ከረጅም መንገድ የመጡትን 10 ግመሎቹንም ጠጥተው እስኪጠግቡ ድረስ ልትቀዳላቸው እንስራዋን ይዛ ወደ ጕድጓዱ ሮጠች፤ ሰውየውም ዝም ብሎ ይመለከታት ነበር። ለምን እንደሚመለከታት አላወቀችም፤ ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህ ነው። ዮሴፍም በጲጥፋራ ቤት የተፈተነው ከቤቱ ሰዎች ማንም ባልነበረበት ሰዓት ነው።

ባለፈው እሑድ ሁላችንም ከአዳራሹ ከወጣን በኋላ አንድ ታዳጊ ብቻውን ቀርቶ የሻይ ብርጭቆዎቹን አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ ሲደፋቸው አየሁት። እኛ መምህራን ብዙ ጊዜ የምናመሰግነው መዝሙሩን በቃሉ የያዘውን ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ሳናስተውል ማለፋችን ከልብ ያሳዝነኛል። ስለዚህ በጉባኤው ላይ እያንዳንዳችሁ ከእኩዮቻችሁ መካከል ሳይታዘዝ በጎ ሲሠራ ያያችሁትን አንድ ወጣት፣ ስሙን ሳትጠሩ ሥራውን ብቻ እንድትነግሩን እንፈልጋለን።