የፍራንቻይዝ ቅርንጫፍ ለሰፈሩ ምን አለበት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ ማኅበራዊ ኃላፊነት የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ቀርቧል። እኔ አልተስማማሁም። ፍራንቻይዝ በሚባለው ውል በሌላ ኩባንያ ስምና ደንብ የሚሠራ የአንድ ትንሽ ላውንደሪ ባለቤት ነኝ። ስሙ፣ ቀለሙ፣ የሥራው ደንብ፣ የሳሙናው ዓይነት ሳይቀር ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚመጣው። ሠራተኛ የምቀጥረው፣ ኪራይ የምከፍለው፣ ጠዋት በሩን ከፍቼ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሰላም የምባባለው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ የሰፈሩ ጉዳይ ከማንም በፊት የቅርንጫፉን ባለቤት ይመለከታል ባይ ነኝ።

ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ «ውላችን አያፈናፍንም» ይላሉ። እውነት አላቸው። በአብዛኛው ውል ሮያሊቲ፣ ማለትም በስሙ ለመሥራት ለዋናው ኩባንያ የምንከፍለው ድርሻ፣ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። ወሩ ቢከፋም ይከፈላል። በዚያ ላይ የጋራ የማስታወቂያ መዋጮ አለ። ሎጎውን ሌላ ቦታ ለመጠቀም ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚከፍል ሰው እጁ ቢያጥር አይፈረድበትም። ግን መርዳት ማለት ጥሬ ገንዘብ መስጠት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ሄጄ «ምን እናግዛችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊዋ «ስጦታ ይዞ የሚመጣ አላጣንም፤ ያጣነው ብርድ ልብስ የሚያጥብልን ነው» አሉኝ። ወፍራም ብርድ ልብስ አንዴ ውሃ ከጠጣ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። ክረምት ላይ ደግሞ አይደርቅም። እጥፋቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል፣ ከዚያ መሽተት ይጀምራል፣ የሚለብሱት ደግሞ ደረታቸው የሚያማቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ጋ በሳምንቱ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ትልልቆቹ ማሽኖች ሥራ ይፈታሉ። አሁን በዚያ ሰዓት የእነሱን እናጥባለን። የሚወጣብን ውሃ፣ መብራት፣ ሳሙናና የሠራተኛ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። በጎ ፈቃድ እየተባለ የሠራተኛ የዕረፍት ቀን የሚወሰድበትን አሠራር ጨርሶ አልቀበለውም። አረጋውያኑንም ፎቶ አንስተን የትም አንለጥፍም።

ሌላም አለ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለው ሥራ ፈላጊ ከመጣ አንድ ሙሉ ልብስ በነፃ አጥበንና ተኩሰን እንሰጣለን። እዚህ ላይ ነው ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የተጋጨነው። ካሽ ሬጅስተሩ ዜሮ ዋጋ አይቀበልም ነበር። በነፃ የታጠበው ኮት እንደ ሽያጭ ይመዘገብና ሮያሊቲ ይጠየቅበታል። ጻፍኩላቸው። መልሱ ወራት ፈጀ። ሲመጣ የሚያወራው በሩ ላይ ስለለጠፍኩት ማስታወቂያ ነበር፤ የፊደሉ ቅርጽ የብራንዱን ደንብ አልተከተለም አሉ። ስለ ኮቱ አንድ ቃል የለም። ደግሜ ደጋግሜ ስጎተጉት በመጨረሻ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚል የሒሳብ መደብ ተከፈተ። ዛሬ ሌሎች ቅርንጫፎችም ይጠቀሙበታል። ብንጠይቅ የሚፈታ ነገር ይኖራል የምለው ለዚህ ነው።

ሰፈሩን የሚያውቀው የቅርንጫፍ ባለቤት መሆኑን የፍራንቻይዝ ታሪክም ይመሰክራል። በ1962 እ.ኤ.አ. ሉ ግሮን የተባለ በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ቅርንጫፍ ባለቤት ደንበኞቹ በብዛት ካቶሊኮች ስለነበሩ ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማይበሉ አስተዋለ። የዓሣ ሳንድዊች ሠርቶ ዋናውን ኩባንያ ተሟግቶ አሳመነ። ይህ ለገበያ ነበር፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናት ወላጆች የሚያርፉበት ቤት ተከፈተ። ሐሳቡ የተነሣው ልጁ በደም ካንሰር ከታመመችበት ፍሬድ ሂል ከተባለ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ እዚያ የሚጫወቱትን የአሜሪካን እግር ኳስ ማለቴ ነው። ገንዘቡን ለማሟላት የአካባቢው የማክዶናልድስ ቅርንጫፎች የአንድ መጠጥ ሽያጭ ገቢ ሰጡ። ዛሬ ይህ ሥራ ከ60 በላይ አገሮች ደርሷል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የማርታ ማቲልዳ ሃርፐርን ታሪክ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ለ25 ዓመት ያህል የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1888 እ.ኤ.አ. ባጠራቀመችው ገንዘብ በአሜሪካዋ ሮቸስተር ከተማ የፀጉር ቤት ከፈተች። ስሟንና አሠራሯን ለሌሎች መስጠት ስትጀምር የመጀመሪያዎቹን ቅርንጫፎች የሰጠችው እንደ እሷ በሰው ቤት ለሠሩ ሴቶች ነው። ፍራንቻይዝ የሚባለውን አሠራር ከጀመሩት ሰዎች አንዷ ተብላ ትጠቀሳለች። ቅርንጫፎቿ ከ500 በላይ ደርሰው ነበር። ይህንን ለምን እንደማናስተምር አይገባኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል። ካሸር ላይ ከደንበኛ ሳንቲም ይሰበሰብና በድርጅቱ ስም ይለገሳል። ገንዘቡ የደንበኛው ነው። ስንት እንደተሰበሰበና የት እንደሄደ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ድርጅቱ ከራሱ የጨመረው ካለም ለብቻው ይጻፍ።

አሁን ውል ሊፈርሙ ላሰቡ ሰዎች አንድ ምክር አለኝ። በአሜሪካ ሕግ ፍራንቻይዝ ሰጪው ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት የመረጃ ሰነድ ለተቀባዩ መስጠት አለበት። ሌላ ቦታም ቢሆን ያንን ያህል ጊዜ ጠይቃችሁ ውሰዱ። አብዛኛው ሰው በዚያ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ትርፍ ነው። እናንተ ሁለት ነገር ጨምሩ፤ በነፃ የተሰጠ አገልግሎት ሮያሊቲ ይቆረጥበታል ወይ? በሰፈሬ ለምሠራው በጎ ሥራ የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል፣ በስንት ቀንስ መልስ አገኛለሁ? መልሱን በቃል አትቀበሉ። ውሉ ላይ ይጻፍ።

ፍራንቻይዝ ሰጪ ኩባንያዎችም ይህን አንቀጽ ጠያቂ ሳይጠብቁ ቢያስገቡት ደስ ይለኛል። የእኔ ውል በቅርቡ ይታደሳል፤ አንቀጹን አርቅቄ ልኬያለሁ። መልሳቸውን ለአንባቢዎቻችሁ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ላውንደሪ ቅርንጫፍ ባለቤት