ጽጌረዳችንን በራሳችን ወቅት እንግረዝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። ስለ ገበያ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ኳስ በሰፊው ትጽፋላችሁ። ስለ ግቢ አትክልት ግን እምብዛም አላይም። እስቲ ስለ አንድ ተክል ብቻ ልጻፍላችሁ፤ ስለ ጽጌረዳ።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢ ጽጌረዳ አለ። አብዛኛው ግን ከአጥር በላይ ተመዞ፣ እግሩ ተራቁቶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ትንንሽ አበባ ይዞ ይታያል። ባለቤቶቹን ስትጠይቁ «አርጅቷል» ይሏችኋል። አላረጀም። ወይ ጨርሶ አልተገረዘም፣ ወይ ያለ ጊዜው ተገርዟል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ያለ ጊዜው የሚደረገው ነው።

በሆለታ መስመር አንድ አበባ እርሻ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ግሪን ሃውስ ውስጥ ቆራጭ ነበርኩ፤ በኋላ ግሬዲንግ፣ ማለትም የተቆረጠው አበባ በደረጃ የሚለይበት ክፍል ገባሁ። አሁን አስኮ ባለው ግቢዬ የራሴን ጽጌረዳ አሳድጋለሁ። እርሻ ላይ «ቲ ሃይብሪድ» የምንለውን ነው፤ ዘንጉ ረጅም፣ በአንድ ዘንግ ላይ አንድ ትልቅ አበባ የሚይዘውን። የዚህ ወገን የመጀመሪያው ተደርጎ የሚቆጠረው «ላ ፍራንስ» ነው። ጊዮ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ በ1867 እ.ኤ.አ. ሊዮን ውስጥ ያወጣው ዝርያ ነው። እነዚህ ጽጌረዳዎች ከቻይና የመጡት «ቲ» ጽጌረዳዎችና ብርድ የሚችሉት የአውሮፓዎቹ ልጆች ናቸው። ደጋግሞ ማበብን የወረሱት ከቻይናዎቹ ወገን ነው። ውርጭ ካላስቆማቸው ዓመቱን ሙሉ ያብባሉ።

የእኛ ደጋ ደግሞ ይስማማቸዋል። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እምቡጡ በዝግታ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ ይሆናል። ትልልቅ ራስ ያላቸው ዝርያዎች በሆለታና በሰበታ በኩል የሚተከሉት ለዚህ ነው። ዝዋይ ሞቅ ስለሚል አበባው እዚያ ቶሎ ይደርሳል፣ ራሱ ግን አነስ ይላል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ወጣቶች ስልካቸው ላይ የውጭ አገር ቪዲዮ አይተው ይጀምራሉ። ፍላጎታቸው ደስ ይለኛል። ቪዲዮው ግን «የካቲት ወይም መጋቢት ላይ በደንብ ቁረጡ» ይላቸዋል። ይህ ምክር በረዶ ላለበት አገር ትክክል ነው። እዚያ ተክሉ በብርዱ ወራት ተኝቶ ይከርምና ሊነቃ ሲል ይቆረጣል። የእኛ ጽጌረዳ አይተኛም። እሱ የሚያውቀው ዝናብና ፀሐይን ነው። በየካቲት ፀሐይ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ተክሉን እስከ ጉልበቱ ቆርጦ መተው መጉዳት ነው።

የክረምቱ ወራትም ለዋናው ቆረጣ አይሆኑም። ቅጠሉ ላይ ውኃ ለሰዓታት ሲያድር ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ሻጋታ ይበቅላል። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው በሽታም ለስላሳውን አዲስ ቀንበጥ ይወዳል። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን እኔ የማደርገው የታመመ ቅጠል ለቅሞ ከግቢ ማውጣትና የጠወለገ አበባ መቁረጥ ነው። የወደቀውንም ቅጠል እጠርገዋለሁ፤ በሽታው እሱ ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ዋናው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው። በእኛ ከፍታ ከተቆረጠበት ቀን አንስቶ አበባው እስኪደርስ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ለገና አበባ የሚፈልግ ሰው በጥቅምት 20ዎቹ መቁረጥ አለበት። እርሻዎችም የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው። በፌብሯሪ 14 አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው ቀይ ጽጌረዳ ቆረጣው የሚጀምረው በእኛ ኅዳር መጨረሻ ግድም ነው።

ጎረቤቴ ያሉ እናት መቀስ ይዤ ሲያዩኝ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ በጽጌ ወር አበባ ይቆረጣል? ምን በደለሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ ለገና ይደርስልኛል» አልኳቸው። ደረሰም። አሁን የእሳቸውንም ግቢ የምቆርጠው እኔ ነኝ።

አቆራረጡን ልናገር። መቀሱ ስለት ያለው ይሁን፤ ደነዝ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ በአልኮል ጥረጉት። መጀመሪያ የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ይወገዳል። ከዚያ ጠንካራ የሆኑ አራት ወይም አምስት ግንዶች ይቀራሉ። እነሱን ጉልበት አካባቢ ቁረጡ። የምትቆርጡት ፊቷን ወደ ውጭ ካዞረች ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣባት ትንሽ እብጠት) ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ነው። ዓይኗ ወደ ውጭ ካየች ቅርንጫፉም ወደ ውጭ ይሄዳል። መሐሉ እንደ ስኒ ተከፍቶ ነፋስና ብርሃን ይገባዋል። የተክሉ ቅርጽ የሚያምረውም፣ በሽታውም የሚቀንሰው በዚሁ ነው።

ከሥር የሚወጣ ባዕድ ቀንበጥ ካያችሁ አትታለሉ። ብዙዎቹ ጽጌረዳዎች በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀሉ ናቸው። እርሻ ላይ «ናታል ብራየር» የሚባለው ሥር የተለመደ ነው። ሥሩ የራሱን ቀንበጥ ካወጣ ጉልበቱን ሁሉ ወደዚያ ይወስዳል፤ ቅጠሉም ከላይኛው ይለያል። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከተነሳበት ገንጥሉት። በመቀስ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ተመልሶ ይመጣል።

አበባውን ማሳመር የሚጀምረው ተክሉ ላይ እያለ ነው። ከዋናው እምቡጥ ጎን ትንንሽ እምቡጦች ይወጣሉ። ምስር ሲያክሉ በጣት ቀንጥሷቸው። ያን ጊዜ ምግቡ ሁሉ ወደ አንዱ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ለማድረግ ያሳሳዋል፤ ግን ትልቁን አበባ የሚሰጠው ይህ ነው። የጠወለገውን ስትቆርጡ ደግሞ አንገቱ ላይ ብቻ አትቁረጡ። አምስት ትንንሽ ቅጠል እስካለው ቅጠል ድረስ ውረዱ። ቀጭንና ደካማ ቅርንጫፍን ሁልጊዜ መጣል አያስፈልግም። እርሻ ላይ ጎንበስ አድርገን ወደ መሬት እናጥፈው ነበር። አበባ ባያወጣም ቅጠሉ ተክሉን ይመግባል።

ውኃ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ። በጎማ ከላይ አታርከፍክፉ። አፈሩ መረሬ ከሆነ ውኃ ስለሚቋጥር አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ እስኪበስል ታገሱ።

አሁን አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ለክሽክሽ፣ ለስላሳ ቀንበጥ ላይ ተሰብስቦ ጭማቂ ለሚመጠው ትንሽ ተባይ ብላችሁ ከእርሻ የወጣ ኬሚካል ቤታችሁ አታስገቡ። በውኃ ቀያይጦ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። እርሻ ላይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ የተወሰነው ሰዓት ሳያልፍ ግሪን ሃውሱ ውስጥ ሰው አይገባም። ረጪው ጭምብልና ጓንት ለብሶ ነው የሚሠራው። እናንተ ግቢ ውስጥ ሕፃን ይጫወታል፣ ዶሮ ትለቅማለች። ክሽክሽ ውኃ በኃይል ሲረጭበት ይረግፋል። ካልረገፈ ትንሽ ሳሙና የገባበት ውኃ ይበቃዋል።

የቤት ጽጌረዳ ከእርሻው የሚበልጥበት ነገር ሽታው ነው። የእርሻ አበባ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ጨረታ አልፎ፣ ሱቅ ውስጥ መቆም አለበት። ስለዚህ በብዛት የሚመረጠው ጽናቱ ታይቶ ነው፤ ብዙዎቹ አይሸቱም። እኛ ግን ሁለት ሜትር ርቀት ነው የምንወስደው። የሚሸተውን መምረጥ እንችላለን። ጎህ ሲቀድ፣ የአበባው የውጪ አንድ ሁለት ቅጠል ሲላቀቅ ቁረጡትና ወዲያው ውኃ ውስጥ አስገቡት። ውኃ የሚነካውን ቅጠል አራግፉ። በየሁለት ቀኑ ውኃውን ለውጡ፣ የዘንጉንም ጫፍ ቆረጥ አድርጉ። ሙዝ ካለበት አርቁት፤ ከሚበስል ፍራፍሬ የሚወጣው ጋዝ አበባ ያስረጃል። ሲደረደር እኔ ብዛት አልወድም። ረከቦቱ አጠገብ፣ በጠባብ ጠርሙስ አንዲት ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ፣ ሥሯ ቄጠማ፤ ለእኔ ይህ ይበቃል።

የራሳችን ጽጌረዳም አለን፤ ቀጋ። በደጋው አጥር ላይ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ቀዩን ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ችግኝ ሻጮች ቀጋን ቢያቀርቡልን ምንኛ ደስ ባለኝ። ሌላውንም ሲሸጡ ስሙን፣ ደግሞም የተዳቀለ ይሁን ከቅርንጫፍ የበቀለ፣ ትንሽ ወረቀት ላይ ቢጽፉልን። ገዢው ከሥሩ የወጣውን ቀንበጥ ይገንጥል ወይስ ይተው ማወቅ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ጥግ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በእኛው ወራት፣ በግቢ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አጭር ጽሑፍ። ለደጋው አንድ፣ ለቆላው አንድ፤ ድሬዳዋና ደብረ ብርሃን አንድ አይደሉምና። ከእርሻ የወጣን፣ እጃችን ይህን ሥራ የሚያውቅ ሴቶች ብዙ ነን። ቦታውን ከሰጣችሁን የጥቅምቱን እኔ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የአበባ እርሻ ሠራተኛ
አስኮ፣ አዲስ አበባ