«የድምፅ አውታር» ስለሚለው ስያሜ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ድምፅ መሻከር በጤና ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በማንቁርት ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የድምፅ አካላት ከክራር ክር ጋር ያመሳሰለው አንቀጽ፣ ባዮሎጂ ሳስተምር ከተማሪዎቼ አእምሮ ለማውጣት ለዓመታት የታገልሁትን ስሕተት የሚያጸና ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ ስያሜው ራሱ ያሳስታል። የበገና አውታር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። የማንቁርቱ ግን እጥፋት ሲሆን፣ ከሥሩ ጡንቻ፣ ከላዩ ስስ ሽፋን፣ በመካከላቸውም ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ፣ ሦስት ንብርብር ያለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ አለው። ለጡንቻው የሚቀርበው ንብርብር ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር፣ መካከለኛው ደግሞ ተለጥጦ የሚመለስ ኤላስቲን ይበዛበታል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የድምፅ ጅማት የሚባለውን ይሠራሉ። ላይኛው ግን እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ልልና ሙልጭልጭ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያልፍ ሽፋኑ በዚህ ልል ንብርብር ላይ እየተንሸራተተ ይርገበገባል፤ ይህም በወንዶች ንግግር በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴቶች 200 ጊዜ ያህል ነው።

ይህን የማነሣው ለቃል ብቻ ተጨንቄ አይደለም። በባሕር ዳር መናኸሪያ መንገደኛ ሲጣሩ የሚውሉ ረዳቶች፣ በተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ፣ በጣና ዳር ዜማ የሚቀጽሉ ተማሪዎችም ጭምር ድምፅ በጩኸት የሚጠነክር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እጥፋቶቹ ሲጋጩ ሲውሉ ግን ያ ልል ንብርብር ውሃ አዝሎ ያብጣል፤ ሲደጋገምም እባጭ ያወጣል። ጠባሳ ከያዘማ ኮላጅን የልሉን ቦታ ስለሚወስድ፣ ሽፋኑ እንደ ቀድሞው መንሸራተት ያቅተዋል። ለታዳጊዎች ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ ሕፃን ሲወለድ የድምፅ ጅማቱ ገና አልተሠራም፣ ንብርብሮቹም ተለይተው የሚያልቁት ከጉርምስና ጋር ነው። ማርና ዝንጅብልን በተመለከተ (እኔም እጠጣለሁ) ጉሮሮን ያለሰልሱ ይሆናል እንጂ፣ የምንውጠው ነገር ወደ ጨጓራ ስለሚወርድ እጥፋቶቹ ዘንድ አይደርስም።

ስለዚህ ዓምደኛው ወደ ፊት በ«አውታር» ፈንታ «እጥፋት» ቢሉ፣ ድምፁ ከ3 ሳምንት በላይ የሻከረበት ሰውም ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ እንዲታይ የሚያሳስብ አንድ መስመር ቢያክሉ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር፣ ከባሕር ዳር