የአባዬን ስም ጥሩልኝ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ለእህቴ ሠርግ የሚሆነውን ገንዘብ ትናንት ልኬያለሁ። ሦስት ሳምንት የጠፋሁት አሞኝ አይደለም፣ አታስቢ። «በአባቷ ቦታ ማን ቆሞ ይዳራት?» ስትዪኝ የምመልሰው አጥቼ ነው። መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ወረቀቴ አላለቀም፤ አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። «ብር ሰው አይተካም» ያልሽው እውነት ነው። ቢሆንም ከፍቶኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ የምጠብቀው አንድ የድንጋይ መስቀል ሥር ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ የምሠራበት መንደር መሀል ላይ የቆመ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ በፈረንጆቹ 11ኛው ወር በ11ኛው ቀን፣ የመንደሩ ሰው ቀይ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ዙሪያውን ቆሞ አገኘሁት። ረፋድ አምስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ጸጥ አለ። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ስም መጥራት ጀመሩ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። በፈረንጆቹ ከ1914 እስከ 1918 በነበረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ናቸው። 19 ስም ቆጠርኩ። ማዕረግ የለም፣ አለቃውም ተራ ወታደሩም በፊደል ተራ ነው የተጻፈው። ሁለቱ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። «ወንድማማቾች ናቸው» አሉኝ አጠገቤ የቆሙት አሮጊት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች፣ በ1939 የጀመረው፣ ከታች ተጨምረዋል። ፊደሎቹ ውስጥ የድንጋይ ሽበት ገብቷል፤ በጣቴ ጠረግኩት።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ በኋላ ነው የገባኝ። ያኔ የእንግሊዝ መንግሥት አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ ከልክሎ ነበር። ብዙዎቹም የት እንደወደቁ አልታወቀም። እናቶቹ የሚያለቅሱበት መቃብር አልነበራቸውም። ስለዚህ በየመንደሩ ሰው ከኪሱ አዋጥቶ ድንጋይ አቆመ። ሁሉም ልጆቹ በሕይወት የተመለሱለት መንደርም አለ፤ ከሺዎቹ መሀል ግን ከ50 ብዙም አይበልጥም። የልጃቸውን ስም አናስጽፍም ያሉ እናቶችም ነበሩ፤ ይመጣል ብለው።

እማዬ፣ እዚህ ላይ አንቺን አሰብኩ። መርዶው ከመጣ በኋላም በሩን ሳትቆልፊ ያደርሽባቸውን ሌሊቶች። አባዬም መቃብር የለውም። እኛ ደግሞ እንዳይከፋሽ ብለን ስሙን መጥራት ተውን። አሁን ሳስበው ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ።

አጎቴ ይቁም፣ ደስ ይለኛል። ግን ከምርቃቱ በፊት የአባዬን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጮክ ብሎ ይጥራልኝ። ሌላ ምንም አይጨምር። ከዚያ ትንሽ ዝም በሉ። እዚህ እንደዚያ ሲያደርጉ ማንም አልፈራም፣ ማንም ደስታው አልተበላሸበትም፤ ልጆች እንኳ ቆመው ነበር።

ይህን የምታነቢላት አንቺ ነሽና እህቴ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽ እንዳይሰበር። ሙሽራ ነሽ። እማዬ የግፊት መድኃኒቷን በሠርጉ ሽር ጉድ እንዳትረሳ ተከታተያት። ልብስሽን ለብሰሽ ፎቶ ላኪልኝ፣ ቀድመሽ ለእኔ።

እማዬ፣ አባዬ የዘመተበትን ቀን ጻፊልኝ። ወሩን አውቃለሁ፣ ቀኑን ግን አላውቀውም።

ልጅሽ