«መትረየስ ልትሸከም ነው እንዴ?»

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው እህቴ እዚህ አሜሪካ በጦር ኮሌጅ ለማስተማር ማመልከቷን አንስተው «መትረየስ ልትሸከም ነው እንዴ?» ሲሉኝ መስመሩ ተቆረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና ይኸው በወረቀት።

አትሸከምም። ማዕረግም ዩኒፎርምም የላትም፤ ግቢው የጦር ግቢ ስለሆነ ጠዋት በሩ ላይ ባጅ አሳይታ ትገባለች፣ ማታ ቤቷ ትመለሳለች።

እርስዎ ሐረር ወይም ሆለታ ሲባል የሚታይዎት በፉጨት የሚነሳው ወጣት እጩ መኮንን ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት እዚህም አለ፤ ዌስት ፖይንትና አናፖሊስ ይባላሉ። እሷ ያመለከተችው ግን «ዋር ኮሌጅ» ወደሚባለው ነው። እዚያ ተማሪው ሌተና ኮሎኔልና ኮሎኔል ነው። ብዙ ዓመት አገልግሎ፣ ብዙውን ጊዜ ሻለቃ ጦር አዝዞ፣ ለ10 ወር ያህል ከሥራው ተነስቶ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይከራከራል፣ ሲጨርስም ማስተርስ ዲግሪ ይዞ ይወጣል። የባሕር ኃይሉ ኮሌጅ በ1884 የተቋቋመ ሲሆን ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት)። የምድር ጦሩ በ1901 ተቋቁሞ ከ1951 ወዲህ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ካርላይል ተቀምጧል። የአየር ኃይሉ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ነው። ናሽናል ዋር ኮሌጅ የሚባለው ደግሞ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው። ሌሎች አገሮች የሚልኳቸው መኮንኖችና ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚመጡ ሲቪሎችም ከአሜሪካኖቹ መኮንኖች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ።

«ታዲያ ኮሎኔልን ጦርነት ልታስተምረው ነው?» ይሉኝ ይሆናል። መተኮሱን እሱ ያውቃል። እሷ የምትጠይቀው የሚተኮሰው ለምን እንደሆነ ነው፦ መንግሥት የፈለገው ምን ነበር፣ ጦሩ የሠራው ሥራ ወደዚያ ያደርሳል ወይ? አድሚራል ስታንስፊልድ ተርነር በ1972 የኒውፖርቱን ኮሌጅ ሲረከብ ቬትናም ገና ያልሻረ ቁስል ነበረች። እሱ ግን መኮንኖቹን ከ2,400 ዓመት በፊት የተደረገውን የአቴንና የስፓርታ ጦርነት እንዲያነቡ አደረጋቸው። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ማንም ያልዘመተበት ጦርነት ላይ ሰው ኩራቱን ሳይነኩት ይከራከራል።

በእኛው ምሳሌ ላስረዳዎ። እኛ ቤት አድዋ የሚወራው በጀግንነቱ ነው። ሴሚናር ላይ ሲቀርብ ጥያቄው ወደዚያኛው ወገን ይዞራል፦ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ሳውሪያ ላይ የመሸገውን ቦታ ለቆ ለምን ወጣ? ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የምኒልክም ሠራዊት ቀለብ እያለቀበት ነው፤ ብዙ ሊቆይ አይችልም። ሁለቱም አንዱ አንዱ እስኪነቃነቅ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም ይነዘንዘዋል፣ አራቱ ጄኔራሎቹም ወደ ኋላ መመለሱን ይቃወማሉ። ለየካቲት 23 አጥቢያ ሌሊት ከ18,000 ያነሰ ጦር ይዞ ከእጥፍ በእጅጉ ወደሚበልጠው ሠራዊት ሄደ። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔም ካርታው ላይ የኮረብታ ስም ተምታቶበት ከሌሎቹ ርቆ ወጣ። እዚህ ላይ ኮሎኔሉ እጁን ያወጣና «ጥፋቱ ካርታው ነው» ይላል። የመምህሯ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ካርታው ትክክል ቢሆን ኖሮስ? ሮም የፈለገችውን በዚያ ጦርና በዚያ ገንዘብ ማግኘት ትችል ነበር? ወታደር እንዲህ ሲጠየቅ ወደሚያውቀው፣ ወደ ሜዳው ይሸሻል፤ እሷ ወደ ፖለቲካው ትመልሰዋለች። እሱ ይሸሻል፣ እሷ ትመልሳለች፤ የሙሉ ቀን ድካሙ ይኸው ነው።

አንድ ሴሚናር ከ12 እስከ 16 ሰው ቢሆን ነው፤ በብዙ ቦታ አንድ ሲቪል ምሁርና አንድ መኮንን አብረው ይመሩታል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ አዲስ መምህራን የሚወድቁት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ሌክቸር ነው። 50 ደቂቃ ሲያወሩ መኮንኖቹ በጨዋነት ዝም ብለው ይሰማሉ፤ በኋላ የግምገማ ወረቀቱ ላይ ይወርዱባቸዋል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ማዕረግ ፈርተው አፍ ያጣሉ፣ ክፍሉም «እኔ አፍጋኒስታን፣ ካንዳሃር እያለሁ» በሚል ወሬ ያልፋል። ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ የራሷ አይደለም። ሁሉም ሴሚናር በአንድ ቀን አንድ ትምህርት ይማራል፣ ያውም ካጠናችው ዘመንና አገር ውጭ ይሆናል። ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ዶክትሬት ይዛ ስለ ናፖሊዮን ልታስተምር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለራሷ ጽሑፍ ጊዜ አገኛለሁ ብላ እንዳታስብ ነግሬያታለሁ።

አባባ፣ የሚያሳስብዎት መሣሪያው ከሆነ ይተውት። እኔን የሚያሳስበኝ ቅጥሩ ነው። እርስዎ «ፕሮፌሰር ሆነች ማለት ዕድሜ ልኳን ተቀመጠች ማለት ነው» ይላሉ። በዩኒቨርሲቲ፣ አናፖሊስም ላሉት ሲቪል መምህራን ሳይቀር፣ ቋሚነት የሚባለው ነገር አለ። በዋር ኮሌጆቹ ግን በአብዛኛው የለም፤ ቅጥሩ በኮንትራት ነው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ለ3 ዓመት። ሲያልቅ ይታደሳል ወይም አይታደስም። አዛዡም መኮንን ስለሆነ በጥቂት ዓመት ይቀየራል፤ አንዱ ያደነቀውን ፕሮግራም ተከታዩ ሊያጥፈው ይችላል። በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል ቅጥር በታገደ ጊዜ የእንዲህ ያለ ኮንትራት ትርጉሙ ለሁሉም ታየ። ደመወዙ ግን መጥፎ አይደለም፣ ጡረታና የጤና መድን አለው። ስለዚህ የመከርኳት እየሠራች መጽሐፏንም እንድትጨርስ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመልሳት እሱ ነው። ስትጽፍ ምስጢር እንዳይወጣ የሚያይ ምርመራ አለ፣ «ይህ የመንግሥት አቋም አይደለም» የሚል መስመርም ይጨመራል። ክፍል ውስጥ ማን ምን እንዳለ ደግሞ ውጭ በስም አይነገርም። በዚህ የተነሳ ኮሎኔሎቹ ከሚጠበቀው በላይ በነፃነት ይናገራሉ።

አንድ የማይወዱት ነገር ልንገርዎ። ክረምቱን ሙሉ አዲስ አበባ መክረም አይኖርም። የፌዴራል ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 13 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ 20 ይሆናል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። የምስጢር ፈቃድ፣ ማለትም የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ለማግኘት ኤስ ኤፍ 86 የሚባል ከ100 ገጽ በላይ የሆነ ቅጽ ትሞላለች። የ10 ዓመት አድራሻና ሥራ፣ የ7 ዓመት የውጭ ጉዞ፣ የቀድሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ፣ የወላጆቿና የወንድም እህቶቿ ሙሉ ስም፣ የተወለዱበት ቀንና ቦታ፣ ዜግነት ሁሉ ይጠየቃል። ሰው የሚወድቀው ዘመድ ውጭ አገር ስላለው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመደበቁና በዕዳው ነው። በየወሩ የምትልክልዎ ገንዘብም ይጻፋል፤ እባክዎ «ተይው፣ ምን ያደርግላቸዋል» አይበሏት። ቦታው ወይም ቤቱ በእሷ ስም ከሆነ እሱም ይጻፋል። ዘመድ መንግሥት ቤት ወይም ጦር ውስጥ ከሠራ እንዲሁ።

ትልቁ ጣጣ የልደት ቀንዎ ነው። በቤተሰብ የምንናገረው አንድ ነው፣ የቀበሌ መታወቂያው ሌላ ነው፣ ፓስፖርቱ ደግሞ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ የተጻፈ ሦስተኛ ነው። ከእኛ ዓመት ላይ 7 ወይም 8 መደመር እንደ ወሩ ስለሚለያይ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መርማሪው ደግሞ ቀድሞ ለቪዛ ከተሰጠው ወረቀት ጋር ያስተያየዋል። ቀኑ በእርግጥ የማይታወቅ ከሆነ ቅጹ ላይ «ግምት» ብሎ ምልክት ማድረጊያ አለ፤ በእርግጠኝነት ከመዋሸት ያ ይሻላል።

ስለዚህ የእርስዎንና የእማማን ፓስፖርት ፎቶ ያለበትን ገጽ፣ መታወቂያዎቹን ፊትና ጀርባ፣ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ። የጎረቤት ልጅ ያነሳልዎታል፤ ጥላ እንዳያርፍበት በረንዳው ላይ ያድርጉት። የእማማ አባት ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አይቻለሁ መሰለኝ፤ እሱንም ይዩልኝ።

ለሁሉም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ