ቀዩን መስመር ስላለፈ አውሮፕላን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ስለ ፍላይት ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ስለሚበርበት ጌም) ያወጣችሁትን አነበብኩ፣ ደስ ይላል ግን ከእውነተኛው አውሮፕላን ምንም አይለይም የሚለው ላይ አልስማማም። ቤቴ አዘዞ ነው፣ ቦምባርዲየሯ አውሮፕላን ስታርፍ እያየን ነው ቡና የምንጠጣው፣ የእህቴ ልጅም ፓይለት ካልሆንኩ ብሎ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያድረው (መብራት ካለ)።

ጌሙ ላይ ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ቁልቁል ይለቀዋል፣ ፍጥነት ቆጣሪው ላይ 163 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ጋ ያለውን ቀይ መስመር አልፎ ሲቀጥል ስክሪኑ ጥቁር ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ከቀዩ በታች ምንም አትሆንም፣ ከቀዩ በላይ ትሞታለህ ብሎ ደምድሟል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ቀዩ መስመር ፋብሪካው በሙከራ ካረጋገጠው ፍጥነት ከ90 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚሰመረው፣ ትንሽ መጠባበቂያ አለው። ከቀዩ በታች ደግሞ ከ129 ጀምሮ ባለው ቢጫ ውስጥ የሚበረረው አየሩ ፀጥ ሲል ብቻ ነው፣ ፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሙሉ ከወረደ ከ85 ማለፍ የለብህም፣ መሪውን እስከ መጨረሻው የምትስበው ደግሞ ሙሉ ጭነት ካለህ እስከ 105 ድረስ ነው፣ ከቀለልክ ወደ 90 ይወርዳል። እዚህ ላይ ልጁ ጋሼ ተሳሳትክ፣ የቀለለው መፍጠን አለበት እንጂ ብሎ ሞገተኝ። ባዶ አይሱዙ ኮረኮንች ላይ ከጫነው በላይ አይዘልም እንዴ አልኩት፣ ያው ነው፣ ያንኑ ክንፍ ይዞ የቀለለው አውሮፕላን ነፋስ ሲመታው በኃይል ብድግ ይላል፣ ክንፉ ስቶል አድርጎ (ማንሳቱን አቁሞ) ጫናውን ሳይለቅ በፊት ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ጌሙ ይሄን አይነግረውም።

ሁሉም አንድ ነው አልልም፣ ኤክስ ፕሌን የሚባለው ሲሙሌተር ላይ የስብራቱን ሴቲንግ ካበራኸው ከልክ በላይ ስትፈጥን ፍላፑ ተገንጥሎ ይሄዳል፣ ካጠፋኸው ግን በ200ም ብትበር ጠያቂ የለህም። ከፍታውንም በደንብ ነው የሚሠሩት፣ የኛ ኤርፖርት 1,966 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ፍጥነት ቆጣሪው 65 ኖት ሲል እውነተኛው ፍጥነት ከ70 ያልፋል፣ ልጁም መሬቱ ለምን እንደሚሮጥበት የገባው ከዛው ነው።

የሚከፋኝ ሪስታርቱ ነው። በእውነተኛው ዓለም ቀዩን ካለፍክ ባትሰበርም ትጽፈዋለህ፣ መካኒክ ክንፉን ጭራውን ሳያይ ያ አውሮፕላን አይነሳም፣ እዚህ ግን አንድ ቁልፍ ሲጫን አዲስ አውሮፕላን ይመጣል። በሚቀጥለው እትም ይቺን እንኳን ብትጨምሩ፣ እኔን አልሰማ ብሏል፣ ጋዜጣ ላይ ካየው ያምናል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር